ኬ የተባለችው ፊደል

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ብሌን ኮምፒውተሯን የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ስትነጫነጭ ሰማኋት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ እነሱ ሠፈር መብራት ሲጠፋ እኔ ጋ ትመጣለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«አላውቀውም ይለኛል አክስቴ! ስሙን አሁን እዚህ ጽፌው፣ ሁለት መስመር ወረድ ብዬ ስጠራው አላውቀውም ይላል።»

መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ቁጥር እንዲይዝላት አንድ ስም አውጥታለች፤ ስሙን ያወጣችው ግን በሁለት ጥምዝ ቅንፎች መካከል ነው። የጠራችው ደግሞ ቅንፉ ከተዘጋ በኋላ። «ቅንፉ ውስጥ የተወለደ እዚያው ይቀራል» አልኳት። «ውጭ ከፈለግሽው ውጭ ፍጠሪው።» አስተካከለችና ሠራላት። እኔን የምታውቀኝ ጉልበቷን የሚያማት ጡረተኛ አድርጋ ስለሆነ አፏን ከፍታ አየችኝ። ንዴቷ ግን አልበረደም። «ለምንድን ነው እንዲህ የሚያጠብቁት? ሰው ለማስቸገር ካልሆነ!» አለች።

ሻይ ላፍላ ብዬ ጓዳ ገባሁና ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ። በእኔ ጊዜ ማሽኑ አላውቀውም አይልም ነበር። ለአንድ ጉዳይ የሰጠሽውን ይዞ ይቆይና ለሌላ ጉዳይ ስትጠሪው ያንኑ አውጥቶ ይሰጥሻል፤ ያውም ድምፁን ሳያሰማ።

ጊዜው የደርግ ነበር። ዓመቱን በትክክል ልንገራችሁ ብል እሳሳታለሁ፤ እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ከሽሮ ሜዳ መሀል ከተማ በአውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም እንደነበር፤ ፌርማታው አጠገብ ያለችው ሴትዮ ቦምቦሊኖዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ስትሰጥ ዘይቱ የመሪዎቹን ፎቶግራፍ ያርሰው እንደነበርና ሰው እንዳያይብን ጋዜጣውን ቶሎ ጨምድደን እንደምንጥለው። ሱሪ ከታች ሰፍቶ መሬት የሚጠርግበት ጊዜ እያለፈ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ቡናማ ነበረችኝና አልተውኳትም። ከቀበሌው ሱቅ ፊት ለፊት አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ስኳር ልንገዛ ተሰልፈን ቆመን ያንኑ ካሴት ከጠዋት እስከ ምሳ ስንሰማ፣ ዘፈኑን የማይወድ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግድ በቃሉ ያዘው። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ የሐበሻ ቀሚስ ይሸጣል። ባለፍኩ ቁጥር ሰልፉ የት ላይ ይጠማዘዝ እንደነበር በዓይኔ እፈልጋለሁ።

የምንኖረው ከሽሮ ሜዳ ገበያ ዝቅ ብሎ ባለ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር፤ አራት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ከእኔ ቤት ግድግዳ ማዶ አባባ ደሳለኝ የሚባሉ ሸማኔና ልጃቸው ፀዳለ ይኖሩ ነበር። ፀዳለ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እኩያዬ ናት፤ ጫማ እንዋዋሳለን፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ነበረን። እኔ መሀል ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ እሠራለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ኮምፒውተሩ አንድ ትልቅ ክፍል ብቻውን ይዞ የተቀመጠ ነበር። እንዳይሞቀው ተብሎ ክፍሉ እንደ እንጦጦ አናት ስለሚቀዘቅዝ፣ ከነጭ ካፖርታችን በላይ አባባ ደሳለኝ የሠሩልኝን ጋቢ ደርቤ እገባ ነበር። ጓዶቹ ሊጎበኙ ሲመጡ አውልቂው እባላለሁ፤ ሲሄዱ እመልሰዋለሁ።

የአባባ ደሳለኝን ነገር ከፀዳለና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዓይናቸው ደክሟል። ሰው ይለያሉ፣ መንገድ ይሄዳሉ፤ ቀለም ግን ከከዳቸው ቆይቷል። አረንጓዴውም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት አመድ ሆኖባቸው ነበር። የሸማኔዎቹ ማኅበር ይህን ቢያውቅ ጥለት ያለው ሥራ አይሰጣቸውም፤ ጥለት ያልያዘ ሸማኔ ደግሞ በእሳቸው ዓይን ሸማኔ አይደለም። ስለዚህ ፀዳለ በየማለዳው፣ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ የቀኑን ክር ለይታ በተርታ ታስቀምጥላቸዋለች፤ ከቀኝ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ቀይ። እሳቸው በተርታው ይሠራሉ። ጥለታቸው ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዓይናማ የሠራው አይመስልም ነበር፤ ይበልጥ ነበር።

በዚያ ዓመት የመምህራንን ምደባ ኮምፒውተር ያውጣው ተባለና ፕሮግራሙን እንድሠራ ለእኔ ተሰጠ። ኮራሁ። ከወንዶቹ መሀል ለእኔ! እያንዳንዱ መምህር የራሱ ካርድ ነበረው፤ ጠንካራ ወረቀት ላይ በማሽን እየተበሳ የሚጻፍ። ፀዳለ የስም ዝርዝሩን ትምህርት ቤቷ ግድግዳ ላይ አይታ አንድ ማታ እየሳቀች መጣች።

«የአባቴን ስም ደስታ ብላችሁታል። ደሳለኝ ነው! በእኛ ቤት ደስታ ከየት መጥቶ?»

«ነገ አስተካክልልሻለሁ» አልኳት። ውለታ መሆኑ ነው። በማግሥቱ በገዛ እጄ አንዲት የማረሚያ ካርድ በስቼ ከኋላ አስገባሁላት።

ሐምሌ ላይ ደብዳቤው ወጣ። ፀዳለ የተጣጠፈውን ወረቀት ይዛ በራፌ ላይ ቆመች፤ ዝናብ መትቷታል፣ ጃንጥላውን አልዘረጋችውም። «ወደ ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ተዛውረዋል» ይላል። ዝውውር አልጠየቀችም። ኢሉባቦርን በካርታ ካልሆነ አይታው አታውቅም።

«ስህተት ነው» አልኳት። «ነገ አየዋለሁ።» ደግሜ ነገ አልኳት።

ፕሮግራሙን ከጌታሁን ጋር ሆነን ወረቀት ላይ መስመር በመስመር አነበብነው። ጌታሁን ከወዳጅ የሶሻሊስት አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ሲያስብ እርሳስ የሚያኝክ ዝምተኛ ባልደረባዬ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እርሳሱን ከአፉ አውጥቶ አንዲት ፊደል ላይ አስቀመጠው።

«ይቺ ኬ ምንድን ናት?»

ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ላስረዳችሁ። ፕሮግራሙ መምህራኑን አንድ በአንድ ያነባል። መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት የሚሠራበት ክፍለ ሀገር ቁጥር ኬ በምትባል ፊደል ውስጥ ይቀመጣል፤ አዲስ አበባ አንድ ናት፣ ሌሎቹም እንዲሁ በየተራቸው። መጨረሻ ላይ ኬ መምህሩ አሁን ካለበት ቦታ ጋር ትተያያለች፤ አንድ ከሆኑ «ባሉበት ይቀጥሉ»፣ ከተለያዩ «ተዛውረዋል» የሚል ይታተማል። መሐል ላይ ግን ዘግይቼ የጨመርኳት ትንሽ ክፍል ነበረች፤ የማረሚያ ካርድ ሲመጣ አዲሱን ስም ፊደል በፊደል እየቆጠረች የምታስገባ። ለመቁጠሪያው ስም ሲያስፈልገኝ፣ እጄ ስለለመዳት፣ እሷንም ኬ አልኳት። ማሽኑ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ ደሳለኝ በላቲን ሲጻፍ ስምንት ፊደል ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ኬ አንድነቷ ጠፍቶ ስምንት ሆና ቀረች። በእኛ ዝርዝር ስምንተኛው ኢሉባቦር ነበር።

ጌታሁን እርሳሱን መልሶ ማኘክ ጀመረ። «እኔ በተማርኩበት ቋንቋ» አለ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ያለችውን ትንሽ ክፍል በሁለት ቃል ታጥሪያታለሽ፤ ጀምር ብለሽ ትከፍቺያለሽ፣ ጨርስ ብለሽ ትዘጊያለሽ። ውስጥ ያወጣሽው ስም ውስጥ ይሞታል። የውጪዋን ኬ አይነካትም ነበር።» በእኛ ማሽን ላይ ያ ቋንቋ አልነበረም። እኔ በጻፍኩበት፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ስለደረደርኩት፣ ከላይ እስከ ታች አንድ አጥር የሌለው ሜዳ ነበር።

ወደ ኃላፊያችን ወደ ጓድ መኮንን ገባሁ። ሻያቸውን በእስክሪብቶ እያማሰሉ ሰሙኝ።

«ስንት ሰው ነው?»

«የማረሚያ ካርድ የነበራቸው ሰባት ናቸው።»

«ደብዳቤው ተፈርሞ ወጥቷል፣ ሙሉነሽ። በየቦታቸውም ሌላ ሰው ተመድቧል።»

«ስህተቱ የእኔ ነው። እኔ ልጻፍ፣ እኔ ልፈርምበት።»

ተነሥተው በሩን ዘጉት። ድምፃቸው ቀነሰ። «ስህተት የሚባል ነገር አለ ብለሽ ነው? እላይ ሲደርስ ስሙ አሻጥር ነው። አንቺ ብቻ ደግሞ አይደለሽም፤ ጌታሁን አለ፣ እኔ አለሁ። አራት ልጆች አሉኝ።» ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። የሚፈራ ሰው ፊት ቆሞ መከራከር አልቻልኩበትም። ራሴም ፈርቼ ነበር፤ አሁን ይህን ብደብቀው ምን ይጠቅመኛል?

ከሰዓት በኋላ የትንሿን ክፍል ኬ ወደ ኤም ለወጥኳት። ፕሮግራሙም በካርድ የተጻፈ ስለነበር፣ ሥራው ጥቂት ካርድ መብሳት ብቻ ነው፤ ቦምቦሊኖ በልቶ እጅ የመታጠብ ያህል እንኳ አልፈጀብኝም። ፕሮግራሙ ዳነ። ደብዳቤው እንዳለ ሆነ።

ፀዳለን «አልተቻለም» ብቻ አልኳት፤ አቤት ልትል ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ማመልከቻዋን እንኳ አልተቀበላትም። «እህቴ፣ ይኼን ያወጣው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም፣ አያዳላም» አላት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ስንወጣ ፀዳለ ክንዴን ያዘችና፣ በዚያ ሁሉ መሀል፣ ሳቀች። «ዘመድ የለውም አለኝ፤ አንቺ እያለሽለት!» አለች።

ያንን ሳቅ ይዤ ማደር አልቻልኩም። በማግሥቱ እሁድ ነበር፤ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አባባ ደሳለኝ ጋ ገባሁ። የሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን አድርገው ነጭ በነጭ ይሠራሉ፤ ያለ እሷ የሚሠሩት እሱን ብቻ ነበር።

«አባባ፣ የፀዳለን ደብዳቤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ስለ ኬም፣ ስለ ስማቸው ፊደላትም፣ እንደምንም አድርጌ ነገርኳቸው። እጃቸው አልቆመም።

«ታዲያ ፍቺዋ» አሉኝ።

«ምኗን?»

«ያበላሸሻትን። እኔ ጥለት ስስት እፈታለሁ። ግማሽ ቀን ይወስድብኛል፣ እፈታለሁ።»

«የኔው አይፈታም አባባ። ማኅተም አርፎበታል።»

«ሰው የሠራው?» አሉ። ሊያሳዝኑኝ ብለው አልነበረም፤ በእውነት ነገሩ አልገባቸውም። መወርወሪያውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደኔ ዞሩ፤ ፊቴን አላዩትም፣ ብቻ ዞሩ። «እንግዲያው ለሷ አትንገሪያት። መሄዷ ካልቀረ እየረገመችሽ አትሂድ። እኔም ቀለም የሚለይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ጳጉሜን ላይ አውቶቡስ ተራ ሸኘናት። አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ፣ አንድ የተጠቀለለ ፍራሽ። አባቷ ሊመጡ ፈልገው ነበር፤ ሕዝቡ ይገፋዎታል ብላ አስቀረቻቸው። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ «ከቀኝ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ቀይ» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። «በቃ፣ አንቺ ስላለሽ አልሰጋም» አለች።

ከዚያ ሁለት ዓመት ከምናምን በየማለዳው ክር ለየሁ። አሞኛል ብዬ አላስቀረሁም፣ ውይይት ክበብ አለ ብዬ አላስቀረሁም። በኋላ እንዲያውም ክሮቹ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ማድረግ ጀመርኩ፤ ለአረንጓዴ አንድ፣ ለወርቃማ ሁለት፣ ለቀይ ሦስት፣ እኔ ባልኖርም በጣታቸው እንዲለዩ። አባባ ያንን ሲዳስሱ ፈገግ አሉና «አንቺ ልጅ ጥሩ ሸማኔ ይወጣሽ ነበር» አሉኝ። ምስጋናቸው ከበደኝ። የፀዳለ ደብዳቤ ሲመጣ የማነብላቸው እኔ፣ መልሱን የምጽፈው እኔ። «ሙሉ እንደ ልጅ ትጦረኛለች በይያት» ይሉኛል፤ እጽፋለሁ። መመለሻ ዝውውር በየዓመቱ ትጠይቃለች፤ በየዓመቱም የጠያቂዎቹን ካርድ ስናነብ የእሷ ካርድ በእጄ ያልፋል፤ በየዓመቱም ቦታ የለም ይባላል። አሁን ፕሮግራሙ አይሳሳትም ነበር። በትክክል እምቢ ይላታል።

አባባ ደሳለኝ በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ሦስት ቀን ሳል ጠንቶባቸው ሞቱ። ቴሌግራሙን የላክሁት እኔ ነኝ። የወረዳው ከተማ ድረስ ደርሶ፣ ከዚያ እሷ ያለችበት ቀበሌ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ተቀመጠ። ድልድይም ተሰብሮ ነበር አሉ። ስትመጣ አርባቸው አልፏል። እዚያ ቧንቧ አጠገብ ቆማ የአባቷን በር ስታይ፣ ቀበሌው ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶት የማታውቀው ሕፃን በሩ ላይ ቂጣ ይበላ ነበር። እኔን አቅፋ አለቀሰች። እናቴም ብትሆኚ ይህን አታደርጊልኝም አለችኝ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። የሳቸውን ቃል ነው የጠበቅኩት እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ፤ እሳቸው ግን እየረገመችሽ አትሂድ ነው ያሉት እንጂ እስከ ዘላለም ዝም በይ አላሉም።

ፀዳለ ወደ ኢሉባቦር ተመልሳ እዚያው አንድ የእርሻ ባለሙያ አገባች። ደርግ ወደቀ፣ ክፍለ ሀገር የሚለው ስም ራሱ ቀረ፣ ያ ማሽንም ተፈታትቶ የት እንደደረሰ አላውቅም። ልጆች ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች። በየጥቂት ዓመቱ ስትመጣ እኔ ጋ ታርፋለች።

ብሌን በኮምፒውተሯ ከተነጫነጨች በሳምንቱ ፀዳለ ለዓይን ሐኪም ከመቱ መጣች። የአባቷ ዓይን ነው የያዛት መሰለኝ። ከሐኪም ቤት ተመልሰን ሻይ ይዘን ተቀመጥን፤ ውጭ ዝናብ ነው። ስለ ልጆቿ እያወራችኝ ነበር።

«ኢሉባቦርን አልጠላሁትም እኮ» አለችኝ። «ልጆቼ የዚያ ናቸው። ብቻ አንዳንዴ ያንን ደብዳቤ ያወጣውን ሰው አስበዋለሁ። ኮምፒውተር ነው ቢሉኝም ከኋላው ሰው አለ አይደል?»

«አለ» አልኳት።

«ባገኘው ምን የምለው ይመስልሻል? አልሰድበውም። ምንም አልለውም። እሱ ራሱ አንድ ነገር እንዲጠይቀኝ ብቻ ነው የምፈልገው። አባትሽ ሲሞት የት ነበርሽ ብሎ ይጠይቀኝ። ይኼን ይጠይቀኝና ይስማኝ።»

የሻይ ብርጭቆዬን ማስቀመጥ ፈልጌ ጠረጴዛውን ሳትኩት፤ ሻዩ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። አልጠረግሁትም። ከአርባ ዓመት በላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ኬ፣ ስለ ጓድ መኮንን ልጆች፣ ስለ ፍርሃት። አንዱም አልመጣልኝም።

«ፀዳለ።»

«አቤት።»

«አባትሽ ሲሞት የት ነበርሽ?»

መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ የራሷን ነገር የደገምኩላት መስሏት ነው። ከዚያ ፊቴን አየች። ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። ገባት። ነጠላዋን አንሥታ የምትወጣ መስሎኝ በሩን አየሁ። ግን አልተነሣችም። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ስትናገር ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር።

«ሐሙስ ነበር» አለች። «ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስለወጣች የሦስተኛ «ሀ» ክፍል ልጆችን ሜዳ ላይ አውጥቼ መዝሙር እያስተማርኳቸው ነበር። ልጆቹ ያፍሩ ስለነበር እኔ ነኝ ጮክ ብዬ የምዘምረው። በኋላ ቀኑን ቆጥሬ ደረስኩበት። አባቴ ሲሞት እኔ እየዘመርኩ ነበር፣ ሙሉ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ያን ያህል ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ዝም አትበይ» አለችኝ፣ ፊቷን ሳትመልስ። «ሌላም ጠይቂኝ።»